ስኳር ወይ ኩላሊት ያለበት ሰው ሲታመም ትኩሳት አትጠብቁ

ቤታችሁ ስኳር፣ ኩላሊት ወይ ጉበት ያለበት፣ ኬሞ (የካንሰር መድሀኒት) የጀመረ ወይ ፕሬዲኒሶሎን (የሰውነትን መከላከያ የሚያደክም መድሀኒት) ለረጅም ጊዜ የሚውጥ ሰው ካለ ይሄን አንብቡ። እነዚህ ሰዎች ላይ ባክቴሪያ ሲገባ ትኩሳት ላይኖር ይችላል፣ እንደውም ሙቀታቸው ከ36 በታች የሚወርድም አለ፣ ስለዚህ ግንባሩን ዳብሶ "አይ ደህና ነው" ማለት አይሰራም። ኬሞ ላይ ላለ ወይ ጣፊያው ለወጣለት ሰው ደግሞ ሙቀቱ 38 ከሞላ ማደር የለም፣ ያኔውኑ ሆስፒታል ነው።

ስኳር ያለበት ሰው ከእግሩ ይጀመር። የጅማን ክረምት ታውቁታላችሁ፣ ጭቃና እርጥብ ካልሲ ሲውል በጣቶቹ መሀል ይላጣል፣ እግሩ ስለደነዘዘ ደግሞ ሚስማር ቢወጋውም ላይሰማው ይችላል። ማታ ማታ በስልክ መብራት ጣቶቹን መሀል ለመሀል እዩለት፣ ጫማ ከማድረጉ በፊት የጫማውን ውስጥ በእጅ ዳብሱ፣ የሚታጠብበትን ውሃ እሱ ሳይሆን ሌላ ሰው በክርኑ ይሞክረው። ቁስል ካለ በንፁህ ውሃና ሳሙና አጥቦ በንፁህ ጎዝ መሸፈንና በዛው ቀን ማሳየት። ቡና ዱቄት አትነስንሱበት! እኛ ጋ ቡና ስለማይጠፋ እጃችን ቶሎ ይሄዳል፣ ግን ቁስሉን ከማቆሸሽ ውጪ የሚጠቅመው የለም። ሀኪም ጋ እስክትደርሱ ቅላቱን ዙሪያውን በእስክሪብቶ አስምሩት፣ መስመሩን እያለፈ ከሄደ፣ ከጠቆረ፣ ከሸተተ ወይ ከሚታየው በላይ ካመመው ሰአት አታባክኑ።

ቁስል ባይኖርም እነዚህን እዩ፦ መዘባረቅ፣ ሲቀሰቅሱት አለመንቃት፣ ሀይለኛ መንቀጥቀጥ፣ ሽንት መቀነስ፣ ስኳሩ ያለምክንያት መውጣት። ትንፋሹን አንድ ደቂቃ ሙሉ ቁጠሩ፣ ቁጭ ብሎ እያለ 22 ወይ ከዛ በላይ ከሆነ ያሰጋል። አልበላም ብላችሁ ኢንሱሊኑን በራሳችሁ አታቁሙ፣ ሀኪሙን ጠይቁ።

ከፋርማሲ ወይ ከጎረቤት የተረፈ አሞክሳሲሊን መስጠት በጣም ለምደናል፣ እኔን ብትጠይቁኝ ትልቁ ጥፋት ይሄ ነው፣ ለባክቴሪያው የማይሆን መድሀኒት ሊሆን ይችላል፣ ሆስፒታል ደም ለካልቸር (ባክቴሪያውን ለሚለየው ምርመራ) ሲወሰድም ውጤቱን ያበላሻል።

ሸነን ጊቤ ሆስፒታልም ሆነ ጅማ ሜዲካል ሴንተር ስትሄዱ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ግቡ። ማታ ባጃጅ ስለሚያስቸግር የአንድ ሹፌር ስልክ ቀድማችሁ ያዙ። መድሀኒቶቹን በሙሉ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ፣ "ነጯ ክኒን" ብትሉ ማንም አያውቃትም። በር ላይ "ትንሽ አሞት ነው" አትበሉ፣ "ስኳር አለበት፣ ከጠዋት ጀምሮ እየዘባረቀ ነው" በሉ። ኩላሊት ካለበት ደግሞ ለህመሙ ዳይክሎፌናክ ሳይወጉት በፊት ተናገሩ፣ ኩላሊትን ይጎዳል።