የራፊያን ጦርነት በስትራቴጂ ጌም መልሶ መገንባት፦ የፕቶለሚዎችን ሠራዊት ከምንጩ ተነሥቶ ለሚያስተካክል ሞድ ሠሪ የተዘጋጀ መመሪያ

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2004 የወጣው ሮም ቶታል ዋር ዛሬም ድረስ በጥንታዊ ታሪክ ወዳጆች ዘንድ ከሚወደድባቸው ምክንያቶች አንዱ፣ አብዛኞቹ የውስጥ ፋይሎቹ እንደ ኖትፓድ ባለ ተራ የጽሑፍ ማረሚያ ተከፍተው ሊነበቡና ሊለወጡ መቻላቸው ነው። ጌሙ ብዙ የሚያስመሰግነው ነገር ቢኖረውም ግብፅን የሳለበት መንገድ ግን ከታሪኩ ጋር አይገናኝም። ዘመቻው በሚጀምርበት በ270 ቅ.ል.ክ. ግብፅን ይገዛ የነበረው ከመቄዶንያ የመጣው የፕቶለሚዎች ሥርወ መንግሥት ሆኖ ሳለ፣ ተጫዋቹ የሚረከበው ሠራዊት ከዚያ 1000 ዓመት ገደማ ቀድመው በነበሩት ፈርዖኖች አምሳል የተሠራና በሠረገላ የሚዋጋ ነው። ይህን በሞድ፣ ማለትም ተጫዋቾች ራሳቸው በሚሠሩት የጌም ማሻሻያ፣ ማረም የሚፈልግ ሰው ከየት መጀመር እንዳለበት ለማሳየት፣ አንድን ጦርነት ብቻ መነሻ አድርጌ ሥራውን በየደረጃው አስረዳለሁ።

የመረጥሁት ጦርነት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ217 ዓመት፣ ጁን 22 ቀን፣ ዛሬ ራፋህ ከምትባለው ከተማ አጠገብ በፕቶለሚ 4ኛ ፊሎፓቶርና በሴሌውቃዊው ንጉሥ በአንጥዮኮስ 3ኛ መካከል የተደረገው የራፊያ ጦርነት ነው። ጌሙ ራሱ ይህን ውጊያ ከታሪካዊ ጦርነቶቹ ተርታ አስገብቶታል። ለሞድ ሥራ ተስማሚ የሚያደርገው ደግሞ ታሪክ ጸሐፊው ፖሊቢየስ በ5ኛ መጽሐፉ የሁለቱንም ወገን ሠራዊት በየክፍሉ፣ በቁጥርና በአዛዥ ስም ዘርዝሮ ማስቀመጡ ነው። ከእስክንድር ሞት በኋላ ከተደረጉት ጦርነቶች መካከል እንዲህ ያለ ዝርዝር የተረፈላቸው ጥቂቶች ናቸው። ስለዚህ በፋይሉ ውስጥ ለሚጻፍ ለእያንዳንዱ ቁጥር ምክንያት የሚሆን ዓረፍተ ነገር ከምንጩ ማግኘት ይቻላል፤ እኔም ሞድ ሠሪው ከዚህ ሥርዓት እንዳይወጣ አጥብቄ እመክራለሁ።

ሥራውን ከመጀመርዎ በፊት የጌሙን ዋና ፋይሎች አይንኩ። ለሞዱ የተለየ ፎልደር ይፍጠሩ፣ የሚለውጧቸውን ፋይሎች ብቻ ወደዚያ ይቅዱ፣ ጌሙም ያንን ፎልደር እንዲያነብ በማስጀመሪያው ትእዛዝ ላይ ይጨምሩ። ስህተት ሲፈጠር ጌሙ ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲያሳይ የሚያደርገውን ትእዛዝም አብረው ያስገቡ፤ አንዲት ኮማ በመጉደሏ ጌሙ ያለ ምንም ማብራሪያ ሲዘጋ ጥፋቱን ፍለጋ የሚባክነው ጊዜ ብዙ ነውና።

ሠራዊቱን መመጠን

ፖሊቢየስ እንደሚለው ፕቶለሚ 70,000 እግረኛ፣ 5,000 ፈረሰኛና 73 ዝሆኖች ነበሩት፤ አንጥዮኮስ ደግሞ 62,000 እግረኛ፣ 6,000 ፈረሰኛና 102 ዝሆኖች አሰልፎ ነበር። ጌሙ ለአንድ ጦር ከ20 ክፍል በላይ አይፈቅድም፤ ኢዲዩ ተብሎ በሚጠራው የክፍሎች ፋይል ውስጥ ለአንድ የእግረኛ ክፍል ሊሰጥ የሚችለው ከፍተኛው ቁጥር 60 ሲሆን፣ ይህም በትልቁ የሠራዊት መጠን በ4 ተባዝቶ 240 ይሆናል። እዚህ ላይ መልካም አጋጣሚ አለ፤ የመቄዶንያ ፋላንክስ (ረጅም ጦር ይዞ ተጠጋግቶ የሚሰለፍ እግረኛ) መሠረታዊ ክፍል የሆነው ሲንታግማ በ16 ረድፍና በ16 ሰልፍ የቆሙ 256 ወታደሮች ነበሩት፣ 240 ደግሞ ለዚህ እጅግ ይቀርባል።

እንግዲህ አንዱን የጌም ክፍል የ4,000 ሰው ያህል ወኪል አድርገው ይቁጠሩት። በአንድሮማኮስና በሌላ ፕቶለሚ በተባለ አዛዥ ሥር የነበረው የ25,000 ሰው ፋላንክስ 6 ክፍል ይሆናል። በሶሲቢዮስ የተመሩት 20,000 ግብፃውያን 5 ክፍል ያህል ናቸው፤ 3,000ዎቹ ሊቢያውያንም በመቄዶንያ አኳኋን የታጠቁ ስለነበሩ ከእነዚሁ ጋር ቢደመሩ ታሪኩ አይዛባም። በፎክሲዳስ ሥር ለነበሩት 8,000 ግሪካውያን ቅጥረኞች 2 ክፍል ይስጡ። የ3,000ው የንጉሥ ዘብና የ2,000ዎቹ ቀላል ጋሻ ታጣቂዎች አንድ ላይ 1 ክፍል፣ የቀርጤስ ቀስተኞች 1፣ የትራኪያና የገላትያ ሰዎች 1 ይሆናሉ። ፈረሰኛው በቁጥር ብቻ ቢታይ ከ1 ክፍል እምብዛም ባይበልጥም፣ በግራ ፖሊክራቴስ በቀኝ ደግሞ ኤኬክራቴስ ስለመሩት የግድ ለ2 መከፈል አለበት። ዝሆኖቹም እንዲሁ 40ው በግራ፣ 33ቱ በቀኝ ስለቆሙ 2 ክፍል ይወስዳሉ። ሲደመር በትክክል 20 ይመጣል። የአንጥዮኮስን ዝርዝርም በዚሁ ሚዛን ማዘጋጀት አያስቸግርም።

በዚህ ስሌት ውስጥ አንድ አከራካሪ ጉዳይ አለ። አንዳንድ ምሁራን የ25,000ው ፋላንክስ 20,000ዎቹን ግብፃውያን ጨምሮ የተቆጠረ ነው፣ የግሪኮቹና የመቄዶንያውያኑ ድርሻ 5,000 ብቻ ነበር ብለው ይከራከራሉ። ይህን የሚቀበል ሞድ ሠሪ የእግረኛውን ጠቅላላ ቁጥር ወደ 50,000 ዝቅ ማድረግ ይኖርበታል። እኔ የፖሊቢየስን ቁጥር እንደተጻፈ መውሰድን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም የየክፍሉ ቁጥሮች ሲደመሩ እሱ ከሰጠው ከ70,000 ጠቅላላ ድምር ጋር በትክክል ይገጥማሉ። የትኛውንም ቢመርጡ ግን ምርጫዎንና ምክንያቱን በሞዱ የማስታወሻ ፋይል ውስጥ ይጻፉት።

ፋላንክሱ

ፖሊቢየስ በ18ኛ መጽሐፉ የሳሪሳን፣ ማለትም የፋላንክስ ወታደር የሚይዘውን ረጅም ጦር፣ ርዝመት 14 ክንድ፣ ማለትም ከ6 ሜትር በላይ ያደርሰዋል። ከዚህ ውስጥ 4 ክንዱ ለእጅ መያዣና ለኋላ ማመዛዘኛ ስለሚውል 10 ክንዱ ከወታደሩ ፊት ይወጣል፤ በዚህም ምክንያት ከፊተኛው ረድፍ ቀድመው የሚታዩት የ5 ረድፍ ጦሮች ናቸው። ከ5ኛው ረድፍ በኋላ ያሉት ጦራቸውን ሽቅብ አዘንብለው ከላይ የሚወረወረውን ይከላከላሉ፣ በክብደታቸውም የፊቱን ይገፋሉ። እያንዳንዱ ወታደር የሚይዘው ስፋት 3 ጫማ ነው።

ይህ ሁሉ በኢዲዩ ውስጥ ቦታ አለው። በአሰላለፍ መስመሩ ላይ በወታደርና በወታደር መካከል ያለውን ርቀት ወደ 0.9 ሜትር ያጥብቡት፣ የረድፉን ብዛት 16 ያድርጉት። 240 ሰው በ16 ረድፍ ሲቆም ግንባሩ 15 ሰው ብቻ ስለሚሆን ብዙ ተጫዋቾች ጠባብ ነው ብለው ያማርራሉ፤ ቢሆንም ፋላንክስ ጥልቀት ያለው አካል እንጂ ቀጭን መስመር አለመሆኑን ተጫዋቹ በዓይኑ ሊያየው ይገባል።

ከዚያ ጥቃትንና መከላከያን ይመጥኑ። በመነሻው ጌም ውጊያ በፍጥነት ይጠናቀቃል፤ መሐሉ በጥቂት ደቂቃ ከተፈታ ደግሞ በክንፎቹ ላይ የሚሆነው ነገር ትርጉም ያጣል። በራፊያ ሁለቱ ፋላንክሶች የክንፎቹ ውጊያ እስኪለይለት ድረስ በመሐል ሳይነኩ ቆይተው ነበር። ስለዚህ የፋላንክሱን ጥቃት ዝቅ፣ መከላከያውን ግን ከፍ ያድርጉ፤ ከፍ ሲያደርጉም አብዛኛውን ነጥብ በጋሻና በመከላከል ችሎታ ላይ ይጨምሩ እንጂ በጥሩር (በብረት ልብስ) ላይ አይቆልሉት። ጥሩር በጌሙ ስሌት ከየአቅጣጫው ለሚመጣ ምት ያገለግላል፤ ጋሻ ግን ከኋላ ለሚመጣ አይረዳም። በጥሩር የተሸፈነ ፋላንክስ ከኋላ ሲመታ እንኳ የማይደፈር ይሆናል፤ ይህም ከጥንት ጸሐፊዎች ምስክርነት ሁሉ ጋር ይጋጫል።

ዝሆኖቹ

የሞዱ ልብ እዚህ ላይ ነው፤ ለእኛም የቀረበው ክፍል ይህ ነው፤ የፕቶለሚ ዝሆኖች የመጡት ከቀይ ባሕር ዳርቻና ከኋላው ካለው አገር ነውና። ፕቶለሚ 2ኛ ለዝሆን አደን ፕቶለማይስ ቴሮን የተባለችውን የባሕር ዳርቻ ጣቢያ አስቆርቁሯል፤ ዝሆኖቹም ለዚሁ በተሠሩ መርከቦች ወደ ሰሜን ይጫኑ ነበር። በ6ኛው ክፍለ ዘመን ንጉሥ ካሌብ ወደ ሂምያር ለመዝመት ሲዘጋጅ፣ ኮስማስ የተባለው ነጋዴ በአዱሊስ የቆመ የግሪክኛ ጽሑፍ በንጉሡ ትእዛዝ ገልብጦ ነበር። በዚያ ጽሑፍ ፕቶለሚ 3ኛ ወደ እስያ የዘመተው በትሮግሎዲት አገርና በኢትዮጵያ ዝሆኖች መሆኑን፣ እነዚህንም መጀመሪያ ያደኑት አባቱና እሱ መሆናቸውን ይናገራል። ድንጋዩ ዛሬ የለም፤ ቃሉ የተረፈልን በዚያ ቅጂ ነው።

ፖሊቢየስ የዝሆኖቹን ግጥሚያ በቅርብ እንደሚያይ ሰው አድርጎ ጽፎታል። በዝሆኖቹ ጀርባ በተሠሩት ማማዎች ላይ ያሉት ሰዎች በሳሪሳ ይወጋጋሉ፤ እንስሶቹ ጥርሳቸውን አቆላልፈው ግንባር ለግንባር ይገፋፋሉ፤ በመጨረሻ በርትቶ የገፋው የባላጋራውን ኩምቢ ወደ ጎን ያስለቅቅና ጎኑ ሲጋለጥ፣ በሬ በቀንዱ እንደሚወጋ በጥርሱ ይወጋዋል። ይሁንና እንዲህ የተዋጉት ከፕቶለሚ ዝሆኖች ጥቂቶቹ ናቸው። አብዛኞቹ የአንጥዮኮስን የህንድ ዝሆኖች ሽታና ጩኸት አልቻሉም፣ ግዝፈታቸውንም ፈርተው ሸሹ፣ ሲሸሹም በገዛ ወገናቸው ሰልፍ ላይ ወደቁ።

በዚህ ቃል ላይ ተመሥርቶ የአፍሪካውን ዝሆን እንደ ግልገል ትንሽ አድርጎ መሥራት ለረጅም ጊዜ የተለመደ ነው፤ ምክንያት የሚሰጠውም በአካል አነስ የሚለው የጫካ ዝሆን ነበር በሚል ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2014 የታተመ የዘረ መል ጥናት ግን ዛሬ በኤርትራ የሚገኙት ዝሆኖች የሣር ምድር ዝሆን ወገን መሆናቸውን አሳይቷል። ከዚህ ተነሥቼ የምመክረው የእንስሳውን አካልና ጉልበት ሳያሳንሱ ልዩነቱን በሌላ መንገድ እንዲያሳዩ ነው። መጀመሪያ ቁጥሩን ያስተካክሉ፤ 73 ለ102 ማለት 5 ለ7 ያህል ነው። ቀጥሎ አንድ ክፍል ከሌላ ዓይነት እንስሳ ጋር ሲገጥም ነጥብ የሚጨምርለትን ወይም የሚቀንስበትን መስመር ተጠቅመው የአፍሪካው ዝሆን ከዝሆን ጋር ሲገናኝ ብቻ እንዲደክም ያድርጉ፤ በእግረኛና በፈረሰኛ ላይ ያለው አስፈሪነት እንዳለ ይቆይ። ከዚያ ሞራሉን በመጠኑ ዝቅ ያድርጉ፣ ሲደነግጥ ዱር ለዱር እየሮጠ ያገኘውን የሚረግጥበትን ባሕርይም አይሰርዙ። በራፊያ የንጉሡን ዘብ የበተነው ይኸው ባሕርይ ነው።

ለምልመላው ደግሞ የጌሙ ካርታ እስከ አዱሊስ አይዘልቅም። ዝሆኖቹ በደቡባዊቷ ቴብስ ብቻ እንዲገኙ፣ ዋጋቸው ውድ፣ የሚወስዱት ጊዜም ረጅም እንዲሆን ቢደረግ የባሕሩን ጉዞ ችግር በከፊል ይተካል።

ግብፃውያን ጦረኞችና ያስከተሉት

ፖሊቢየስ ግብፃውያኑ በመቄዶንያ አኳኋን ታጥቀው ድል ካደረጉ በኋላ በራሳቸው ተማምነው መሪ መፈለግ እንደ ጀመሩ ይናገራል። በ205 ቅ.ል.ክ. ሆርወነፈር በቴብስ ፈርዖን ተብሎ ነገሠ፤ ደቡቡ እስከ 186 ቅ.ል.ክ. ድረስ ከእስክንድርያ እጅ ወጥቶ ቆየ። ስለዚህ የግብፃውያኑን ፋላንክስ ርካሽና በቶሎ የሚመለመል ያድርጉት፣ ግን ዋጋ ያስከፍል። የዘመቻውን ስክሪፕት ከፍተው በቴብስ አካባቢ ትልቅ አመፀኛ ጦር እንዲነሣ ያዝዙ፤ ጌሙ በዓመት 2 ዙር ስለሚሄድ ከ270 እስከ 205 ድረስ ያለው ጊዜ 130 ዙር ነው።

መፈተን

ሁሉም ከተዘጋጀ በኋላ ውጊያውን ደጋግመው ያካሂዱ፤ ያሸነፈውን ወገን ብቻ ሳይሆን ሙታኑ በየክፍሉ እንዴት እንደተከፋፈሉ ይመልከቱ። አንጥዮኮስ 10,000 የሚጠጋ እግረኛና ከ300 በላይ ፈረሰኛ ሞቶበታል፣ ከ4,000 በላይ ሰው ተማርኮበታል። የፕቶለሚ ወገን 1,500 እግረኛና 700 ፈረሰኛ አጥቷል። በመቶኛ ሲሰላ የፕቶለሚ እግረኛ የሞተበት 2 በመቶ ያህል ብቻ ሲሆን ፈረሰኛው ግን 14 በመቶ አጥቷል። የዚህ ምክንያት በውጊያው ሂደት ውስጥ ይታያል። አንጥዮኮስ በቀኝ ክንፉ የፕቶለሚን የግራ ፈረሰኛ ሰብሮ ሩቅ ድረስ አሳደደ፤ በዚያው ጊዜ ኤኬክራቴስ በሌላው ክንፍ ዝሆኖቹ እንቢ ማለታቸውንና አቧራው የሚሄድበትን አቅጣጫ አይቶ፣ ፎክሲዳስ ከፊት እንዲገጥም አዝዞ ራሱ ከዝሆኖቹ ውጭ ዞሮ የጠላትን ፈረሰኛ ከጎንና ከኋላ መታ። ፕቶለሚም ወደ ፋላንክሱ መሐል ገብቶ ሲታይ ወታደሮቹ ሳሪሳቸውን አውርደው ገፉ።

በሙከራዎ የፕቶለሚ እግረኛ ከፈረሰኛው በላይ እያለቀ ከሆነ የፋላንክሱ ጥቃት ገና ከፍ ያለ ነውና ይቀንሱት። የግራው ፈረሰኛ ሳይሰበር የሚቆይ ከሆነ የአንጥዮኮስ ፈረሰኛ በሚያንደረድርበት ጊዜ የሚያገኘው ነጥብ አንሷል፣ ወይም ደግሞ ዝሆኖቹ ሲደነግጡ ከፈረሰኛው በጣም ርቀው ቆመዋል ማለት ነው። መሐሉ የክንፎቹ ውጊያ ሳይለይለት ከተፈታ የሁለቱንም ወገን ፋላንክስ ሞራል እኩል ከፍ አድርገው እንደገና ይሞክሩ፤ በአንድ ጊዜ ግን ከአንድ ቁጥር በላይ አይለውጡ፣ አለበለዚያ ውጤቱን የለወጠው የትኛው እንደሆነ አይታወቅም።