ዋጋ በምክክር ሲቆረጥ፦ ማስረጃ አሰባሰብና አቤቱታ አቀራረብ

መንግሥት የዋጋ ቁጥጥር ሲያነሣ ውድድር አብሮ አይመጣም። ትናንት መንግሥት በተመነው ዋጋ ይሸጡ የነበሩ ጥቂት ፋብሪካዎች ዛሬ ተደዋውለው ራሳቸው ሊተምኑ ይችላሉ። ኢትዮጵያ ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ ገበያዋን ስትከፍት፣ የመጀመሪያው የንግድ አሠራር አዋጅ (ቁጥር 329) የወጣው በ1995 ነበር። ያን ያህል ጊዜ ገበያው ያለ ዳኛ መቆየቱ ከባድ ጥፋት ነው። የዋጋ ጣሪያም ሕጉን አይተካም፤ በ2003 የተጣለው ጣሪያ እጥረት አስከትሎ በዚያው ዓመት ለአብዛኞቹ ሸቀጦች ተነሥቷል። ዛሬ ቴሌኮሙ፣ ባንኩ፣ የጅምላና የችርቻሮ ንግዱ ለውጭ ባለሀብት እየተከፈተ ነው። ሕጉ ጉልበት የሚያገኘው ደግሞ በማስረጃ የተደገፈ አቤቱታ ሲቀርብለት ነው። ይህ ጽሑፍ ለአከፋፋዮች፣ ለቸርቻሪዎችና ለግዢ ሠራተኞች የተዘጋጀ ነው።

ምን እንደሚፈለግ የደቡብ አፍሪካ የዳቦ ጉዳይ በደንብ ያሳያል። እዚያ የስንዴ ገበያን ይቆጣጠር የነበረው ቦርድ እ.ኤ.አ. በ1997 ፈርሶ በ1998 የውድድር ሕግ ወጣ። በ2006 መጨረሻ በዌስተርን ኬፕ ክፍለ ሀገር ፕሪሚየር፣ ታይገር ብራንድስና ፓየኒር የተባሉ ዳቦ አምራቾች በአንድ ሰሞን የዳቦ ዋጋ ጨመሩ፤ ለአከፋፋይ የሚሰጡትንም ቅናሽ ቆረጡ። አቤት ያሉት አከፋፋዮቹ ናቸው። ምርመራው ሲጀመር ፕሪሚየር ቀድሞ ተናዘዘና ከቅጣት ዳነ፤ ታይገር በ2007 98.8 ሚሊዮን ራንድ፣ ፓየኒር በ2010 195 ሚሊዮን ራንድ ገደማ ተቀጡ። ስምምነቱ ከዋጋው አልፎ ለቅናሹ ጣሪያ ማበጀትንና አንዱ የሌላውን አከፋፋይ አለመቀበልን ይጨምር ነበር። ይህን ልብ ይበሉ፤ ከታች እንፈልገዋለን።

ገበያውን ያጥብቡ

«ምግብ ተወደደ» የሚል አቤቱታ የትም አይደርስም። ዕቃውንና አካባቢውን ለይተው ይጻፉ፤ ለምሳሌ «በከተማችን ለሱቆች በመኪና የሚከፋፈል የፋብሪካ ዳቦ»። መመዘኛው ቀላል ነው፦ የዚህ ዕቃ ዋጋ ከ5 እስከ 10 በመቶ ጨምሮ ዓመት ቢቆይ፣ ገዢው ወደ ሌላ ዕቃ ወይም ወደ ሌላ ከተማ አቅራቢ ይሄዳል? የሚሄድ ከሆነ ያ ዕቃና ያ አቅራቢም በገበያው ውስጥ ይቆጠራሉ።

ሠንጠረዥ ያዘጋጁ

ለእያንዳንዱ አቅራቢ አንድ መስመር ይስጡ። ጭማሪው የተነገረበት ቀን፣ ሥራ ላይ የዋለበት ቀን፣ አሮጌው ዋጋ፣ አዲሱ ዋጋ፣ ቅናሹ፣ የዱቤ ቀናት፣ ማጓጓዣ የሚከፍለው ማን እንደሆነ ይመዝገብ። ከጭማሪው በፊት ቢያንስ የ12 ወር መረጃ ካለ፣ ድሮ ዋጋ የሚለዋወጠው በተለያየ ጊዜ እንደነበር ማሳየት ይቻላል። የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ በጥቂት ወራት ውስጥ ስለሚደበዝዝ በተቀበሉበት ቀን ፎቶ ያንሡት ወይም ኮፒ ያድርጉት። የቴሌግራም መልእክት ከሆነ የላኪው ስም፣ ቀኑና ሰዓቱ እንዲታይ ሳይቆርጡ ያስቀምጡ፤ ዋናውንም ከስልኩ አያጥፉ።

ወጪ የማያስረዳውን ይፈልጉ

አብዛኛው አቤቱታ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። በአንድ ሳምንት የመጣ ተመሳሳይ ጭማሪ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ዕቃ የሚያስመጣ ሁሉ ሳይነጋገርም ዋጋ ለመጨመር ምክንያት ነበረው። ስለዚህ መጀመሪያ ወጪውን ያስሉ። ዱቄት የዳቦው ወጪ ግማሽ ነው እንበል፤ ዱቄት 20 በመቶ ከጨመረ የዳቦው ወጪ በ10 በመቶ ያድጋል። ዳቦው 25 በመቶ ከጨመረ ጥያቄ ያስነሣል፤ ግን አሁንም አንዱ ሌላውን አይቶ ተከትሎ ሊሆን ይችላል። ሕጉ የሚቀጣው መመሳጠርን እንጂ ውድነትን አይደለም።

የዱቄት ዋጋ የማያስረዳው ነገር አለ። ሦስት ፋብሪካዎች የአከፋፋዩን ቅናሽ እኩል ወደ አንድ ቁጥር ለምን ያወርዳሉ? በእጁ ገንዘብ ይዞ የመጣ ነጋዴ «ያንተ አቅራቢ እገሌ ነው» ተብሎ ለምን ይመለሳል? ብቻውን የሚሠራ ፋብሪካ የተቀናቃኙ አከፋፋይ ተቆጥቶ ሲመጣ ደስ ብሎት ይቀበለዋል። እምቢ ካለ አንድ ነገር አለ። ይህን ለመፈተን ለእያንዳንዱ አቅራቢ መጠኑንና የአከፋፈል ሁኔታውን ጠቅሰው በጽሑፍ ፕሮፎርማ ይጠይቁ። መልሱ በቃል ከሆነ ያነጋገረዎትን ሰው የሥራ ድርሻ፣ ቀኑንና ቃሉን በዕለቱ ይጻፉ።

በጨረታ ደግሞ ሰነዶቹን ጎን ለጎን አስቀምጠው ያንብቡ፦ አንድ ዓይነት የፊደል ስሕተት፣ ተከታታይ ቁጥር ያለው የጨረታ ማስከበሪያ፣ በተራ የሚያሸንፉ ድርጅቶች፣ ተሸናፊው በኋላ ንዑስ ተቋራጭ ሆኖ መምጣቱ።

የነጋዴዎች ማኅበሩ ራሱ ጥፋተኛ እንዳይሆን

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 አንቀጽ 7 የሚከለክለው የፋብሪካዎችን ስምምነት ብቻ አይደለም፤ የነጋዴዎች ማኅበር ውሳኔንም ይጨምራል። ሱቆች ተሰብስበው «ሁላችንም በዚህ ዋጋ እንሽጥ» ካሉ ከሳሹ ተከሳሽ ይሆናል። በስብሰባ ላይ ያለፈ የግዢ ዋጋን ብቻ ያሰባስቡ፤ የነገ የመሸጫ ዋጋ ከተነሣ ሰብሳቢው ወዲያው ያስቁም፣ ማስቆሙም በቃለ ጉባኤ ይስፈር።

አቤቱታው

ከሁለት እስከ ሦስት ገጽ ይበቃል፦ ገበያው፣ ተሳታፊዎቹ፣ የሆነው ነገር በቀን ቅደም ተከተል፣ ወጪ የማያስረዳው ነጥብ፣ የደረሰው ጉዳት፤ ሠንጠረዡና ኮፒዎቹ በአባሪነት። አንቀጹን አያምታቱ። መመሳጠር በአንቀጽ 7፣ አንድ ድርጅት ብቻውን የገበያ የበላይነቱን አላግባብ ሲጠቀም በአንቀጽ 5 ይታያል፤ የሚፈለገውም ማስረጃ ይለያያል። የቀድሞው የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ ባለሥልጣን በአዋጅ ቁጥር 1263/2014 ስለፈረሰ፣ ደብዳቤው ለንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ይጻፍ። ወደ መዝገብ ቤት ሁለት ኮፒ ይዘው ይሂዱ፤ በአንዱ ላይ ማኅተምና ገቢ ቁጥር አስደርገው ይመለሱ። ሠንጠረዡን ካስገቡ በኋላም መሙላት አያቁሙ፤ ምርመራ መጀመሩ በተሰማ ሳምንት ቅናሹ ድንገት ከተመለሰ ያም ቀን ተመዝግቦ እንደ ተጨማሪ አባሪ ይላክ።