ረዳቱ ልጃችሁን ሲያመናጭቅ ምን ታደርጋላችሁ?

ሰኔ ነበር፣ የፈተና ሰሞን። ከሰዓት በኋላ ዝናብ ሲጀምር መገናኛ ላይ ታክሲ እንዴት እንደሚጠፋ የምትመላለሱበት ታውቁታላችሁ። ልጄ አምስተኛ ክፍል ናት። ከትምህርት ቤት ኮተቤ ድረስ ብቻዋን መምጣት ከጀመረች ገና ሁለት ወሯ ነበር። ያን ቀን ከወትሮው በአንድ ሰዓት ያህል ዘግይታ መጣች። የራሰ ጫማዋን በር ላይ አወለቀች፣ ቦርሳዋን አስቀመጠች፣ ቀኝ እጇን ግን አልዘረጋችም። ጭብጧን ቀስ ብዬ ስከፍተው አንዲት አስር ብር አገኘሁ። ተጨብጣ ተጨብጣ ጨርቅ መስላለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ረዳቱ ዝናቡን አይቶ ከታሪፉ በላይ ጠየቀ። እሷ የያዘችው እኔ ጠዋት ቆጥሬ የሰጠኋትን ብቻ ነው። "ብር ሳትይዢ ማን ግቢ አለሽ?" ብሎ ጮኸባት። ብሩን ጭኗ ላይ ወረወረላት። ሰፈሯ ለመድረስ ሁለት ፌርማታ ሲቀራት በቦርሳዋ ማንገቻ ጎትቶ አወረዳት። ታክሲው ሙሉ ነበር፣ አንድም ሰው አልተናገረም።

እኔ ደግሞ መጀመሪያ ያልኳት "አንቺስ ለምን ዝም አልሽ?" ነው። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ወላጆች አነጋግሬያለሁ። ተራ አስከባሪም፣ ሾፌርም አነጋግሬያለሁ። ይሄ ነገር በየቤቱ አለ። አብዛኛው ወላጅ ግን ወይ ዝም ይላል፣ ወይ ተናዶ ሄዶ ተጣልቶ ይመለሳል። ሁለቱም ለልጁ ምንም አይሠሩለትም። የሚሠራውን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ልጁ

ቁጣችሁን ለጊዜው ያዙት። ልጅ ሲመናጨቅ ቶሎ የሚመጣለት ሐሳብ "ምን አጥፍቼ ነው?" የሚል ነው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት "ጥፋቱ ያንተ አይደለም፣ ስለነገርከኝ ጥሩ አደረግህ" በሉት። የራሰ ልብሱን ይቀይር፣ ትኩስ ነገር ይጠጣ። ከዚያ ቀስ ብላችሁ ጠይቁት። የት ተሳፈርክ? የት ተቀመጥክ? ምን አለህ? አንተስ ምን አልከው? ነካህ ወይ?

የመጨረሻዋን ጥያቄ አትዝለሏት፣ በተለይ ለሴት ልጅ። መሳደብ አንድ ነገር ነው። መምታትና መጎተት ሌላ ነው። ሰውነቷን ያለ አግባብ መንካት ደግሞ ፈጽሞ የተለየ ጉዳይ ነው፣ እሱ ላይ ሽምግልናም ይቅርታም የሚባል ነገር የለም። ልብሷን ሳታጥቡ በቀጥታ ፖሊስ ጣቢያ ሂዱና የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ የሚይዘውን ክፍል ጠይቁ። ጉዳት ካለ ግን ሐኪም ይቅደም። ለፖሊስ መደወል ከፈለጋችሁ 991 ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ለሌላው፣ በየቀኑ ለሚያጋጥመው ማመናጨቅ ነው።

ታክሲውን እንዴት ታገኙታላችሁ

ታርጋው፣ የጎን ቁጥሩ፣ ታፔላው ላይ ያለው መስመር፣ ሰዓቱ። እነዚህ አራቱ ካሉ ሥራው አለቀ ማለት ነው። ችግሩ፣ ያለቀሰ ልጅ ታርጋ አያነብም። እንዳትቆጡት። ልጅ ቁጥር ባይዝም ሌላ ነገር ይይዛል። ከኋላ መስታወቱ ላይ ምን ጥቅስ ተለጥፎ ነበር? የማን ሥዕል አለ? ወንበሩ ምን ዓይነት ልብስ ለብሷል? የኔዋ ቁጥሩን ጨርሶ አላየችውም፣ ግን ከፊት መስታወቱ የተንጠለጠለች ትንሽ ቀይ የኳስ ማሊያ እንዳለችና በሩ የሚዘጋው በገመድ እንደሆነ ነገረችኝ። ለተራ አስከባሪው ይሄ በቂ ነበር። ገና ሳልጨርስለት "አውቀዋለሁ" አለኝ። አንድ ታክሲ በስምሪቱ መሠረት እዚያው መስመር ላይ ስለሚመላለስ ዛሬ ባታገኙት ነገ ታገኙታላችሁ።

የነገራችሁን ሁሉ የዚያኑ ማታ ደብተር ላይ ጻፉት። በራሱ ቃል ይሁን፣ አታሳምሩት። ቀን፣ ሰዓት፣ የተሳፈረበት፣ የወረደበት፣ ስንት እንደተጠየቀ፣ የተባለው ቃል። ሁለት ቀን ካለፈ ልጁም እናንተም ታምታቱታላችሁ።

ተራው ላይ

የዚያኑ ማታ አትሂዱ። አባቶች በተለይ እባካችሁ። በዚያ ስሜት ከሄዳችሁ ጠብ ነው የሚሆነው፣ ከዚያ በኋላ የሚወራው ስለ እናንተ ጠብ ነው እንጂ ስለ ልጁ አይደለም። በማግስቱ ሰልፉ ሳይረዝም ሂዱ። መጀመሪያ ተራ አስከባሪውን ሰላም በሉትና ጉዳያችሁን በአጭሩ ንገሩት። ቀጥሎ ሾፌሩን አነጋግሩ። ረዳቱን አይደለም፣ ሾፌሩን።

ለምን? ረዳቱን የሚያሠራው ሾፌሩ ነው። ሾፌሩ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ለባለንብረቱ የቀን ገቢ የሚያስገባ ሰው ነው። ስሙ ተራው ላይ እንዲበላሽ፣ ቢሮ ተጠርቶ ቀኑ እንዲቃጠል አይፈልግም። ረዳቱን ጓደኞቹ መሀል ብትናገሩት ግን ላለመዋረድ ሲል ይብስበታል።

እኔ ያልኩት ይሄን ነው። "ጤና ይስጥልኝ። ትናንት አስር ሰዓት ላይ ከዚህ የተሳፈረች ዩኒፎርም የለበሰች ልጅ ነበረች። ልጄ ናት። ሁለት ፌርማታ ሲቀራት ዝናብ ላይ ወርዳለች። ምን እንደተፈጠረ ልጠይቅዎት ብዬ ነው።" ድምፄን አላነሳሁም። ጎልማሳ ሰው ነው፣ ደነገጠ። "ወራጅ አለ ሲለኝ ቆምኩ እንጂ ልጅ መሆኗን አላየሁም እትዬ" አለና ረዳቱን ጠራው።

መጣ። ብሩን በርዝመቱ አጥፎ በየጣቶቹ መሀል ሰክቶታል። 17 ዓመት ቢሆነው ነው፣ ያም ከበዛ። ሌሊት 11 ሰዓት የወጣ ልጅ ፊት ነው ያለው። እውነቱን ለመናገር ማታ ሙሉ ስዘጋጅበት የነበረው ንግግር እሱን ሳየው ጠፋኝ። "ይቅርታ እትዬ" አለኝ መሬት መሬት እያየ። "እኔን አይደለም ልጄ፣ እሷን ነው" አልኩት። በሁለተኛው ቀን ስትሳፈር "ሚጣ፣ ይቅርታ እሺ" ብሏታል። ሒሳብ አልቀበልም ሲላት ግን እንደነገርኳት ታሪፉን ከፍላ ነው የወረደችው።

አንድ ነገር ልጨምር። "ወያላ" የምትለዋን ቃል ተዉአት። ረዳት በሉት። ቃሉን ስድብ አድርጎ ነው የሚሰማው፣ ከዚያ በኋላ የምትሉት ሁሉ ጆሮው አይገባም። ልጃችሁን አክብሩልኝ ብላችሁ የሄዳችሁት እናንተ ናችሁ።

ካልሆነስ

ሁልጊዜ እንዲህ አያልቅም። ሾፌሩ ሊክድ ይችላል፣ "ልጅሽን አሳድጊ" የሚልም አለ። ያኔ አትከራከሩ። ታርጋውንና የጎን ቁጥሩን እዚያው ፊት ለፊቱ ጻፉና ሂዱ። በየክፍለ ከተማው የትራንስፖርት ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት አለ፣ አቤቱታ ይቀበላል። መንገድ ላይ ያለ ትራፊክ ፖሊስም ይሰማችኋል፣ በተለይ ነገሩ ገና ትኩስ ከሆነ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው አነጋገሩ ላይ ነው። "ልጄን ሰደበብኝ" ብላችሁ ብቻ ብትገቡ ያዝኑላችሁና ትመለሳላችሁ። ስድብን ማን ይመሰክራል? ጥፋቱን በስሙ ጥሩት። ከታሪፍ በላይ ጠይቋል። መስመር አቆራርጧል። ከፌርማታዋ በፊት አውርዷል። ትርፍ ጭኗል። ታፔላ አልሰቀለም። እነዚህ የሚያስቀጡ ጥፋቶች ናቸው፣ ልጅ የሚመናጨቅበት ታክሲ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከነዚህ አንዱን ወይም ሁለቱን አጥፍቶ ታገኙታላችሁ። መጀመሪያ እሱን አስመዝግቡ፣ ስድቡን ከሥሩ ጻፉ።

ከመታ ወይም ከገፈተረ ግን ጉዳዩ የትራንስፖርት ብቻ አይደለም፣ የፖሊስ ነው። የወንጀል ሕጉ የእጅ እልፊት ይለዋል፣ ቁስል ባይኖርም። ቢሮ ውስጥ "ይሄ ትንሽ ነገር ነው፣ ተዪው" የሚል ሰው ከገጠማችሁ ደግሞ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 36 አስታውሱት። የአስተዳደር ባለሥልጣናት ሕፃናትን የሚመለከት እርምጃ ሲወስዱ የሕፃናትን ደኅንነት እንዲያስቀድሙ ያዛል። ወንበሩ ላይ የተቀመጠውን ሰውዬም ይመለከታል ማለት ነው።

ሌላው፣ ቪዲዮ። አንድ ሰው ቀርጾት ከሆነ ተቀበሉትና ለቢሮው አሳዩት። ቲክቶክ ላይ ግን አትልቀቁት። ሕዝቡ ይናደድላችኋል፣ እውነት ነው። በማግስቱ ግን ልጃችሁ ክፍል ሲገባ ጓደኞቹ ሁሉ ሲያለቅስ አይተውታል።

አንበሳና ሸገር አውቶቡስ ላይ ነገሩ ይቀላል። የጎን ቁጥርና የመስመር ቁጥር አለ፣ ትኬት አለ። ልጁ ትኬቱን እቤት እስኪደርስ እንዳይጥል አስለምዱት። የትምህርት ቤት ሰርቪስ ከሆነ ደግሞ አቤቱታችሁን በጽሑፍ ለትምህርት ቤቱ ስጡና ኮፒው ላይ አስፈርሙ። በቃል የተነገረ ቅሬታ በር ላይ ይቀራል።

ከሚቀጥለው ጉዞ በፊት

ልጄ ለአንድ ሳምንት ብቻዬን ታክሲ አልገባም አለችኝ። አላስገደድኳትም፣ አብሬያት ተመላለስኩ። ማታ ማታ ደግሞ ሳሎን ውስጥ ታክሲ እንጫወታለን። ሦስት ወንበር እደረድራለሁ፣ እኔ ረዳት ነኝ፣ "ሒሳብ!" እያልኩ እጮሃለሁ። በመጀመሪያው ቀን "ወራጅ አለ" ስትል አጠገቧ ሆኜ አልሰማኋትም። እንደዚያ አድርጋ ስትል ነው ለካ ፌርማታዋን እያሳለፉ የሚወስዷት፣ ከዚያም "አፍ የለሽም እንዴ?" የሚሏት። በአምስተኛው ቀን ጎረቤት ድረስ ተሰማች።

ያለማመድኳት ይሄን ነው። ከመግባቷ በፊት "ስንት ነው?" ብላ ትጠይቅ። ዝርዝር ትያዝ፣ ድፍን ብር ለልጅ አትስጡ፣ መልስ አጣሁ እያለ ነው ጭቅጭቁ የሚጀመረው። ጋቢና እና ሞተሩ ላይ አትቀመጥ፣ በሩ አጠገብም ባይሆን ይሻላል። ልጅ የያዘች እናት ወይም ትልቅ ሰው ካለ እዚያ ጎን። ከታሪፉ ሌላ እርሳስ መያዣዋ ውስጥ የማትነካ ትርፍ ብር አለች፣ እኛ ቤት "የዝናብ ብር" እንላታለን። የደብተሯ ሽፋን ሥር ደግሞ ስልኬ የተጻፈበት ወረቀት አለ።

ቢጮህባትስ? አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ። "ጋሼ፣ ሒሳቤን ከፍያለሁ፣ ፌርማታዬ አልደረሰም።" መልሳ እንዳትሳደብ። እሱ ካልሰማ ወደ አንድ ሰው ትዙር። ለሁሉም አይደለም፣ ለአንድ ሰው፣ ዓይኑን አይታ። "እትዬ፣ ይርዱኝ።" ታክሲ ሙሉ ሰው ለሁሉም ሲነገር ዝም ይላል፣ አንዱ ተለይቶ ሲጠራ ግን አይችልም። የግድ ከወረደች ደግሞ ሰው ወዳለበት ሱቅ ገብታ ታስደውል፣ በእግሯ አትጀምር።

ጎኗ ለተቀመጣችሁት

ይሄኛው ለወላጅ ብቻ አይደለም፣ ታክሲ ለሚሳፈር ሁሉ ነው። ረዳት ልጅን የሚያመናጭቀው የማንም አይደለችም ብሎ ስለሚያስብ ነው። እናቷ አጠገቧ ብትኖር አያደርገውም። ስለዚህ እናንተ "ከእኔ ጋር ናት" በሉ። ሦስት ቃል ናት። ለመጣላት አይደለም፣ ስለ መብት ለመናገርም አይደለም። "ወንድሜ፣ ከእኔ ጋር ናት፣ የጎደለው ስንት ነው?" ስትሉ ጩኸቱ እዚያው ይቆማል፣ እኔ ራሴ ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ አድርጌው አይቻለሁ። አንዱ ልጅ ለካ ሒሳቡን ከፍሎ ነበር። ረዳቱ ረስቶት ነው የሚጮህበት።

ከዚያ ልጁን የት እንደሚወርድ ጠይቁት። ሲደርስ "ወራጅ አለ"ን እናንተ በሉለት፣ እግሩ መሬት እስኪረግጥ ሾፌሩ እንዳይነሳ ተናገሩ። ቀድማችሁ የምትወርዱ ከሆነ ደግሞ አጠገቡ ላለው ሰው "ይሄን ልጅ አደራ፣ ኮተቤ ነው የሚወርደው" ብላችሁ ውረዱ።