ባለ አምስት ፊደል የእንግሊዝኛ ቃል ሲፈልጉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

“አምስት ፊደል ያለው፣ ‘ኤች’ የሚገኝበት፣ በ‘ቲ’ የሚያልቅ ቃል ንገሩኝ።” ደብረ ብርሃንም ይሁን መሐል ሜዳ፣ መምህር ይህን ሲጠይቅ ከተማሪው አፍ ቶሎ መልስ አይወጣም። ቃሉ ጠፍቶት አይደለም። ናይት (ሌሊት)፣ ላይት (ብርሃን)፣ ሃርት (ልብ)፣ ሾርት (አጭር)፣ ሸርት (ሸሚዝ) ሁሉንም ያውቃቸዋል። የሚያደናቅፈው አቆጣጠሩ ነው።

በጆሮ መቁጠር። ትልቁ ስህተት ይህ ነው። በእኛ ጽሑፍ አንድ ፊደል ተነባቢውንም አናባቢውንም ይዞ ይመጣል፤ “ናይት” ሲባል ሦስት ፊደል እንቆጥራለን። በእንግሊዝኛ ግን ኤን-አይ-ጂ-ኤች-ቲ ነው፤ አምስት። ፊቱ ላይ ኬ ሲጨመርበት ድምፁ ሳይለወጥ ፊደሉ ስድስት ይሆናል፣ ትርጉሙም የጥንት ፈረሰኛ ጦረኛ። “ራይት” ደግሞ ሁለት ቃል ነው፦ ደብሊው-አር-አይ-ቲ-ኢ መጻፍ፣ አር-አይ-ጂ-ኤች-ቲ ቀኝ ወይም ትክክል። ሁለቱም ባለ አምስት ናቸው።

ለእኛ አንድ የሆነው “ሽ” በእንግሊዝኛ ኤስ እና ኤች ተብሎ ሁለት ቦታ ይወስዳል። “ች”ም እንዲሁ ሲ እና ኤች ነው፤ ቤንች (አግዳሚ ወንበር) አምስት የሚሞላው በዚህ ምክንያት ነው። ግልባጩም አለ፦ ኤክስ ብቻዋን “ክስ” የሚለውን ድምፅ ትሸከማለች፤ ስለዚህ ኤክስትራ (ተጨማሪ) ኢ-ኤክስ-ቲ-አር-ኤ፣ አምስት ብቻ ነው።

በ‘ቢ’ የሚያልቅ ቃል ከተጠየቀ ደግሞ ጆሮ ጭራሽ አይረዳም። ክላይም (መውጣት፣ ተራራ መውጣት እንደማለት) እና ተም (አውራ ጣት) መጨረሻቸው ላይ ቢ አለች፣ ግን አትነበብም። ናይፍ (ቢላዋ) ፊት ያለችው ኬም እንደዚያው ናት። መፍትሔው ወረቀት ላይ አምስት ሳጥን መሥራትና በየሳጥኑ አንድ ፊደል ማስገባት ነው። አንድ ሳጥን ባዶ ከቀረ ወይም አንድ ፊደል ከተረፈ ቃሉ ይውጣ። ሳይጽፉ በጣት መቁጠርን ልጆችን አያስለምዱ።

በ“እ” መነሳት። ሁለት ተነባቢ ቃል ፊት ሲገጥሙ ምላሳችን “እ” ትጨምራለች፦ እስቶን፣ እስፖርት፣ እስቴት። ተማሪው ቃሉን በኢ ሥር ሲፈልግ ይውላል። ስቶን (ድንጋይ) ኤስ-ቲ-ኦ-ኤን-ኢ ነው። ስቴት (ሁኔታ፣ መንግሥት) ላይ ስህተቱ ትርጉምም ያፋልሳል፤ ፊቱ ኢ ከተጨመረበት ስድስት ፊደል ያለው ሌላ ቃል፣ ሰፊ ርስት ወይም የሟች ንብረት ይሆናል።

የፊደል ስም መደበላለቅ። መምህሩ “ኢ” ሲል ልጁ ‘አይ’ የተባለውን ፊደል ይጽፋል፤ ምክንያቱም ስማችንን በላቲን ስንጽፍ የ“ኢ”ን ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ የምናስቀምጠው በአይ ነው። “ኢ ፎር ኤግ” የሚለውም አያድነውም፤ “ኤግ” በ“ኤ” ድምፅ ይጀምራልና ልጁን ይባስ ወደ ኤ ይመራዋል። ጂ እና ጄም ይምታታሉ፤ ላርጅ (ትልቅ) በጂ እንጂ በጄ አይጻፍም። ጥያቄውን በቃል ብቻ አያቅርቡ፤ ፊደሉን ሰሌዳ ላይ ይጻፉት።

ድርብ ፊደልን መርሳት። አማርኛ ያጠብቃል እንጂ ጥብቀቱን አይጽፍም። “አለ” ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይገኛል፤ ጽሕፈቱ ግን አንድ ነው። እንግሊዝኛ በተቃራኒው ፊደሉን ደርቦ ይጽፋል እንጂ አያጠብቅም፦ ሃፒ (ደስተኛ) ሁለት ፒ፣ አንኮበር አካባቢ ቁልቁል የሚታየው ክሊፍ (ገደል) ሁለት ኤፍ። የመንዝ በግም፣ ሺፕ፣ ኤስ-ኤች-ኢ-ኢ-ፒ ነው፤ አንድ ኢ ብቻ ከጻፉ ቃሉ አራት ላይ ይቀራል። ይህ ቃል ለብዙም ኤስ አይጨመርበትም።

ሸዋ ሮቢት የሚመረተውን ሽንኩርት ይውሰዱ፦ አንየን፣ ኦ-ኤን-አይ-ኦ-ኤን። አምስት ቦታ የሞላው በሦስት ዓይነት ፊደል ነው። “ኦ እና ኤን ያለበት” ተብሎ ሲጠየቅ አንድ ጊዜ ብቻ ይግቡ አልተባለም።

የተደበቀ ባለ አምስት ፊደል ቃል ለመገመት ስድስት ሙከራ በሚሰጠው በዎርድል ጨዋታ ይህ ብዙ ሰው ያሳስታል። ቢጫ ማለት ፊደሏ ቃሉ ውስጥ አለች፣ ቦታዋ ግን ሌላ ነው፤ ግራጫ ማለት የለችም ወይም ከዚያ በላይ አልተደገመችም ነው። የተደበቀው ቃል ስቶን ሆኖ እርስዎ አንየን ቢሞክሩ፣ የመጀመሪያዋ ኦ እና የመጀመሪያዋ ኤን ቢጫ፣ ሁለተኛዎቹ ግራጫ ይሆናሉ። ግራጫዋን አይቶ “ኦ የለም” ብሎ መጣል ስህተት ነው። ኦ አለች፣ ያለችው ግን አንዴ ብቻ ነው፤ ቦታዋም ሌላ ነው።

ፊደሉ ተሟልቶ ቅደም ተከተሉ ሲዛባ። ኤንጀል (መልአክ) በኢ-ኤል፣ አንግል (ማዕዘን) በኤል-ኢ ያልቃል። ዴይሪ (የወተት እርባታ ወይም ማቀነባበሪያ) ኤ-አይ፣ ዳያሪ (የዕለት ማስታወሻ) አይ-ኤ። ኳየት (ጸጥ ያለ) በኢ-ቲ፣ ኳይት (በጣም፣ ፈጽሞ) በቲ-ኢ። እነዚህን ጥንድ ጥንድ አድርገው ጎን ለጎን ያጥኗቸው፤ ለየብቻ የተጠኑ እንደሆነ መምታታታቸው አይቀርም።

የእንግሊዝና የአሜሪካ አጻጻፍ። ከለር (ቀለም) በአሜሪካው አምስት፣ በእንግሊዙ ዩ ተጨምሮ ስድስት ነው። ፕላው (ማረሻ) ደግሞ በእንግሊዙ ስድስት፣ በአሜሪካው አራት፤ በሁለቱም አምስት አይሆንም። ሊትር በሁለቱም አምስት ቢሆንም የመጨረሻዎቹ ሁለት ፊደላት ቦታ ይለዋወጣሉ። ከመጀመራችሁ በፊት የትኛውን እንደምትከተሉ ተስማሙ።

ትርጉምን ከአማርኛው አጠቃቀም መገመት። ሆቴል፣ ሳሎን፣ ሞተር ሦስቱም ባለ አምስት ናቸው፣ ሦስቱንም እናውቃቸዋለን፤ እዚህ ላይ ነው መዘናጋቱ። እኛ ምግብ ቤቱንም ሆቴል እንላለን፣ በእንግሊዝኛ ግን ማደሪያ ያለው ነው። የእኛ ሳሎን የእንግዳ መቀበያ ክፍል ነው፤ የእነሱ በብዛት የፀጉርና የውበት ቤት። “ሞተር ገዛ” ስንል ባለ ሁለት እግሩን ማለታችን ነው፣ በእንግሊዝኛ ግን ዕቃን የሚያንቀሳቅሰው መሣሪያ ነው።

አንድ ቃል ላይ አንድ ትርጉም ብቻ መለጠፍም አይበቃም። ላይት ስም ሲሆን ብርሃን፣ ቅጽል ሲሆን ከባድ ያልሆነ፣ ግሥ ሲሆን መለኮስ ነው። ማች (ኤም-ኤ-ቲ-ሲ-ኤች) ክብሪትም ግጥሚያም ይሆናል። ከእያንዳንዱ ትርጉም ጎን ስም፣ ግሥ ወይም ቅጽል ብለው ይጻፉ።

የተጸውዖ ስም ማስገባት። ኬንያ አምስት ፊደል ቢሞላም የአገር ስም ስለሆነ አይቆጠርም። ቻይና በትንሹ ሲ ከተጻፈ ግን ይቆጠራል፤ ሸክላ ሳህንና ሲኒ ማለት ነው። ጤፍም የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ውስጥ ገብቷል፤ ሆኖም ቲ-ኢ-ኤፍ-ኤፍ ነውና አንድ ሳጥን ይጎድለዋል።