ያለ ጠበቃ ክስ ለሚመሠርቱ፦ ከክሱ በፊት የማስረጃ ዝርዝሩን ይጻፉ

በድሬዳዋ ያበደሩትን ወይም በዱቤ የሸጡበትን ገንዘብ ለማስመለስ ያለ ጠበቃ የሚከሱ ሰዎችን ብዙ ጊዜ የሚያጉላላቸው የሕጉ ክብደት ሳይሆን፣ የጻፉት ታሪክና ያያያዙት ማስረጃ አለመገጣጠሙ ነው። ስለዚህ ማመልከቻውን ከመጻፍዎ በፊት የማስረጃ ዝርዝሩን ያዘጋጁ፤ በእያንዳንዱ ሰነድና ምስክር አጠገብም ምን እንደሚያስረዳ በአንድ መስመር ያስፍሩ። ከዚያ ክሱን በተራ ቁጥር በተከፋፈሉ አጫጭር አንቀጾች ሲጽፉ፣ ማስረጃ ላጡለት አንቀጽ ወይ ማስረጃ ይፈልጉለት፣ ወይ ይሰርዙት፤ የቆየ ቂምና የጎረቤት ወሬ ከማመልከቻው ተጠርጎ የሚወጣው እዚህ ላይ ነው።

ዘዴው የሚሠራበት ምክንያት፣ የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 223 የምስክሮች ሙሉ ስም፣ አድራሻና የሚጠሩበት ጉዳይ፣ እንዲሁም የሰነዶች ዝርዝር ከክሱ ጋር ተያይዞ እንዲቀርብ ስለሚያዝ ነው፤ ኋላ ላይ «ረስቼው ነው» ብሎ ሰነድ ማስገባት ቀላል አይደለም። በአንቀጽ 92 መሠረት የክሱን እውነትነት አረጋግጠው መፈረምም አይዘንጉ። ድሬዳዋ ውስጥ የከተማውም የፌዴራሉም ፍርድ ቤት ስላለ፣ ጉዳዩ የየትኛው ሥልጣን እንደሆነ መዝገብ ከመክፈትዎ በፊት ሬጅስትራሩን (የፍርድ ቤቱን መዝገብ ቤት ኃላፊ) ይጠይቁ።

ብድሩ ከ500 ብር በላይ ሆኖ ጽሑፍ ከሌለዎት ግን የምስክር ዝርዝር ማሳመር አያድንዎትም፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2472 መሠረት እንዲህ ያለው ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በሚሰጥ የእምነት ቃል ወይም መሐላ ብቻ ነው።