የለንደኑን ፖርቶቤሎ ገበያ ከጓደኞች ጋር እንዴት መዞር ይቻላል

ለንደን የአሮጌ ዕቃና የልባሽ ልብስ ገበያ ሞልቶባታል። ካምደን አለ፣ ብሪክ ሌን አለ፣ ዓርብ ማለዳ የሚቆመው በርመንዚም አለ። አንድ ቀን ብቻ ያላቸው ጓደኛሞች ሁሉንም እናዳርስ ካሉ ግን ቀኑ ባቡር ውስጥ ያልቃል። አንድ መንገድ መርጦ ከላይ እስከ ታች ቀስ እያሉ መውረድ ይሻላል፤ ለዚህ እኔ የምመርጠው ፖርቶቤሎ ሮድን ነው።

1. ቀኑን ለዩ

አንቲክ፣ ማለትም ዘመን ያስቆጠረ ዕቃ፣ የምትፈልጉ ከሆነ ቅዳሜ ሂዱ፤ አንቲክ ነጋዴዎቹ በብዛት የሚወጡት ያን ቀን ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት (በለንደን አቆጣጠር 9 ሰዓት) ላይ እዚያ ብትደርሱ ሻጮቹ ለማውራት ጊዜ አላቸው፤ ወደ እኩለ ቀን ሲጠጋ መንገዱ በሰው ይጨናነቃል። ልብስ ብቻ ለሚፈልግ ዓርብ ይመረጣል፣ ረጋ ይላል። በኦገስት መጨረሻ የኖቲንግ ሂል ካርኒቫል ሰፈሩን ስለሚያጥለቀልቀው ያን ሳምንት ዝለሉት።

2. ከመውጣታችሁ በፊት ተነጋገሩ

ሦስት ወይም አራት መሆን በቂ ነው፤ ከዚያ ከበዛችሁ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ተከፋፈሉ። እያንዳንዱ ስንት ሊያወጣ እንዳሰበና ምን እንደሚፈልግ በግልጽ ይናገር። አንዱ የቡና ሲኒ፣ ሌላው የቆዳ ጃኬት እንደሚፈልግ ካወቃችሁ ስምንት ዓይን ይፈልግላችኋል። ብትጠፋፉ የምትገናኙበትን ሰዓትና ቦታም ቁረጡ። መንገዱ መሐል ላይ ያለውና በ1910 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የተከፈተው ኤሌክትሪክ ሲኒማ ማንም አይስተውም።

ለባቡሩ ለመክፈል እያንዳንዳችሁ የራሳችሁ የመክፈያ ካርድ ወይም መክፈያ ያለው ስልክ ያስፈልጋችኋል፤ በአንድ ካርድ ሁለት ሰው ማለፍ አይቻልም። ስልክ ነጣቂ ስላለ መንገድ ዳር ቆማችሁ ካርታ አትመልከቱ። የልብስ ሰፊ ሜትርም ቦርሳችሁ ውስጥ ይግባ፣ ምክንያቱን ወደ ታች ታገኙታላችሁ።

3. ከላይ ጀምሩ

ኖቲንግ ሂል ጌት ጣቢያ ወርዳችሁ በፔምብሪጅ ሮድ በኩል ተራመዱ። አንቲኩ ከቼፕስቶው ቪላስ አካባቢ ይጀምራል። መጀመሪያ ሳትገዙ እለፉ፤ ከመደቦቹ ጀርባ ባሉት ጠባብ የገበያ አዳራሾች ውስጥ ተመሳሳይ ዕቃ በሌላ ዋጋ ልታገኙ ትችላላችሁ።

የብር ዕቃ ስታነሡ ገልብጡና ማህተሙን ፈልጉ። ሲራመድ የሚታይ አንበሳ ካለበት 92.5 በመቶ ንጹሕ የእንግሊዝ ብር ነው። ከጎኑ የነብር ፊት ካለ ለንደን፣ መልሕቅ ካለ በርሚንግሃም ተመርምሯል ማለት ነው። ኢ ፒ ኤን ኤስ (EPNS) የሚሉ አራት ፊደላት ካገኛችሁ ግን ብር የተቀባ ነው፤ ለጠረጴዛ ያምራል፣ በብር ዋጋ ግን አይገዛም። ከዝሆን ጥርስ የተሠራ ነገር እንዳትነኩ፤ ከጁን 2022 ጀምሮ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር መግዛትም መሸጥም በሕግ ተከልክሏል።

4. በጨዋነት ተከራከሩ

መርካቶ እንደለመድነው ከተጠራው ዋጋ በግማሽ መጀመር እዚህ አያስኬድም፤ ሻጩ ፊቱን ያዞርባችኋል። መጀመሪያ ስለ ዕቃው ጠይቁ፣ ከየት እንዳገኘው ይንገራችሁ። ከዚያ «የመጨረሻ ዋጋህ ስንት ነው?» በሉት። ሁለትና ሦስት ዕቃ አንድ ላይ ስትወስዱ፣ በጥሬ ገንዘብም ስትከፍሉ ልቡ ይለሰልሳል። ጓደኛሞች ከአንድ መደብ አንድ ላይ መግዛታችሁ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ሻጩ ፊት በአማርኛ መመካከር ትችላላችሁ፤ ለንደን ግን ሐበሻ ብዙ ስለሆነ በሰው ላይ ክፉ አትናገሩ።

5. የአገራችሁን ዕቃ ብታዩ

ይህ ለእኔ ከሁሉ ይበልጣል። የእንግሊዝ ጦር በ1868 መቅደላን ይዞ የዘረፈው ቅርስ ሁሉ ሙዚየም አልገባም፤ ከፊሉ በግለሰቦች እጅ ቀርቷል። በ2021 እንግሊዝ ውስጥ ለጨረታ ሊቀርቡ የነበሩ የመቅደላ ቅርሶች በኢትዮጵያ ኤምባሲ ጥያቄ ከጨረታው ወጥተው ለአገራቸው ተመልሰዋል። ስለዚህ መደብ ላይ የብራና ቅጠል ወይም የቆየ መስቀል ካያችሁ አትለፉት። ብዙው ለቱሪስት የተሠራ ሊሆን ስለሚችል ሻጩን በሌብነት አትክሰሱት። ከየት እንደመጣ፣ ወረቀት እንዳለው በትሕትና ጠይቁ፤ አስፈቅዳችሁ ፎቶ አንሡ፣ የሻጩን አድራሻ ተቀበሉና ኬንሲንግተን ላለው ኤምባሲ አሳውቁ።

6. ልብሱን በብርሃን መርምሩ

አትክልቱንና ፍራፍሬውን አልፋችሁ ዌስትዌይ የተባለው የመኪና ድልድይ ሥር ስትደርሱ ልባሽ ልብስ ይጀምራል። የድሮ ልብስ ቁጥሩ ከዛሬው ጋር አንድ ቢሆንም ስለሚጠብ ቁጥሩን አትመኑት። የሚስማማችሁን ጃኬት ትከሻና ደረት ቤት ሳላችሁ ለክታችሁ ኑ፣ እዚህ በሜትር አመሳክሩ። ሱፉን ወደ ፀሐይ አንሡት፤ ብል የበላው ቦታ እንደ ወንፊት ብርሃን ያሳልፋል። ብብቱን፣ ገበሩንና ዚፑን እዩ። ሲ ሲ 41 (CC41) የሚል ምልክት ካገኘ ጓደኛ ጋር ደስ ይበላችሁ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ተጀምሮ ከ1941 እስከ 1952 በዘለቀው የቁጠባ ሥርዓት የተሠራ ልብስ ነው። የገዛችሁትን ሱፍ ቤት ስትገቡ በላስቲክ ጠቅልላችሁ ሁለት ሳምንት ማቀዝቀዣው የበረዶ ክፍል አስቀምጡት፣ ብሉ ከነዕንቁላሉ ይሞታል።

7. ጎልቦርን ሮድ ላይ ጨርሱ

እዚህ የሞሮኮና የፖርቱጋል ምግብ አለ፤ ተቀመጡ፣ የገዛችሁትን እያወጣችሁ ተያዩ። ደረሰኞቻችሁን አስቀምጡ፤ ለአገራችሁ ጉምሩክ ያስፈልጋሉ። የቱሪስት ቫት ተመላሽ ግን ከ2021 መጀመሪያ ጀምሮ ለንደን ውስጥ ስለቀረ አትጠብቁት። ሲኒውን በገዛችሁት ሹራብ ጠቅልላችሁ በእጅ ሻንጣ ያዙ፣ የድሮ ቢላዋ ከገዛችሁ ደግሞ በሚጫነው ሻንጣ ይሁን።