ክራር የጀመረ ልጅ እስከ 12ኛ ክፍል እንዲዘልቅ

ክራር የሚማር ልጅ ብዙ ጊዜ መሣሪያውን የሚተወው ችሎታ አንሶት ሳይሆን፣ የ8ኛና የ12ኛ ክፍል ፈተናዎች ሲቃረቡ ወላጆቹ «ለጊዜው ይቆይ» ስለሚሉት ነው። በእነዚህ ዓመታት ልምምዱን ማሳጠር እንጂ ማቋረጥ አይገባም፤ ጣቶች የለመዱትን የሚይዙት በድግግሞሽ ስለሆነ ከጥናት በኋላ በየቀኑ 10 ደቂቃ መጫወት ቅዳሜን ሙሉ ከመቀመጥ ይበልጣል። ክራሩም ከቁም ሣጥን ላይ ወርዶ ልጁ በሚያጠናበት ክፍል ግድግዳ ላይ ይሰቀል።

ከሁሉ በላይ ትዕግሥት የሚጠይቀው መቃኘቱ ነው። ክሮቹ በቀንበሩ (ከላይ ባለው አግዳሚ እንጨት) ላይ በተጠመጠሙበት ቦታ እየላሉ ድምፃቸው ስለሚወርድ፣ ጀማሪ ልጅ ያለችውን ጥቂት ጊዜ በማጥበቅና በማላላት ሊጨርሳት ይችላል፤ ጆሮ የሚሠለጥነው በዚሁ ነውና ወላጅ ይህን እንደ ባከነ ጊዜ እንዳይቆጥረው አደራ እላለሁ። በተለመደው ባለ6 ክር ክራር አንዱ ክር የሌላውን ድምፅ በኦክታቭ (ያንኑ ድምፅ በከፍታ ወይም በዝቅታ) ስለሚደግም፣ ሁለቱን አብሮ መትቶ ማዳመጥ መስተካከላቸውን ለማረጋገጥ ይረዳል። አራቱን ቅኝቶች (ዜማ የሚመሠረትባቸውን የድምፅ ስልቶች)፣ ማለትም ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን፣ በአንድ ዓመት ለመጨረስ መጣደፍ አያስፈልግም፤ በትዝታ ጀምሮ ልጁ የሚወዳቸውን ዜማዎች ያለ መምህር እርዳታ እስኪጫወት መቆየት ይሻላል።

በትምህርት ቤቱ የሙዚቃ ክበብ ተመዝግቦ በወላጆች በዓል እንዲጫወትም ይበረታታ፤ ቀኑ የታወቀ መድረክ ከማንኛውም ምክር በላይ ያለማምዳል። ሙዚቃን ሙያው ለማድረግ የሚያስብ ተማሪ ደግሞ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ስላለው የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመግቢያ መስፈርት 12ኛ ክፍል ከመድረሱ በፊት ይጠይቅ።